በስኮች ውስኪ ጠርሙስ ላይ ያለው ጽሑፍ ምን ይላል?

«ሲንግል ሞልት» የሚለውን ጽሑፍ ሳነብ ውስኪው ከአንድ በርሜል የተቀዳ ይመስለኝ ነበር። «ሞልት» የእኛው ብቅል ነው፤ «ሲንግል» ግን የሚቆጥረው በርሜሉን ሳይሆን ፋብሪካውን ነው።

የአሠራሩን ግማሽ አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ያውቀዋል። ገብስ ተነክሮ ይበቅላል፤ ከዚያም ይደርቃል። በአይላ ደሴት ብዙውን ጊዜ ለማድረቂያው ፒት የተባለ የረግረግ አፈር ስለሚነድ፣ ጭሱ እስከ መጠጡ ይዘልቃል። ብቅሉ ተፈጭቶ በሙቅ ውኃ ስኳሩ ይወጣል፤ በእርሾ ይብላላል፤ በመዳብ ጋንም አብዛኛውን ጊዜ ሁለቴ ይነጠራል። እስከዚህ የተገኘው ግን ቀለም አልባ አረቄ እንጂ ውስኪ አይደለም። ሕጉ እዚያው ስኮትላንድ ውስጥ፣ ከ700 ሊትር በማይበልጥ የኦክ በርሜል፣ ቢያንስ 3 ዓመት እንዲቆይ ያስገድዳል። በየዓመቱ 2 በመቶ ያህሉ ይተናል፤ ይህንንም «የመላእክት ድርሻ» ይሉታል።

ኢኒያስ ኮፊ እ.ኤ.አ. በ1830 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ባለዓምድ ማንጠሪያ፣ ከስንዴና ከበቆሎ ጭምር ቀለል ያለ ውስኪ ያለማቋረጥ ለማውጣት አስቻለ። ይህ ከብቅል ውስኪ ጋር ሲዋሐድ «ብሌንድድ» ይባላል። «ድብልቅ» የሚለው ቃል በእኛ ጆሮ የተበረዘ ነገርን ያስታውሳልና ብዙዎች ይንቁታል፤ ያለ አግባብ ነው። በርካታ በርሜሎችን አጣጥሞ ከዓመት ዓመት አንድ ጣዕም ማስጠበቅ ትልቅ ሙያ ነው።

«12 ዓመት» የሚለውም አማካይ ዕድሜን ሳይሆን በውስጡ ያለውን የታናሹን ውስኪ ዕድሜ ያመለክታል። ጠርሙስ ውስጥ ከገባ በኋላ ደግሞ አያረጅም፤ ሃያ ዓመት ቁም ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥም ያው የ12 ዓመት ውስኪ ነው።