የአያቴ ሰዓት ዕድሜው ስንት ነው?

በቤተሰባችን ዘንድ በአደራ የሚተላለፍ አንድ የእጅ ሰዓት አለ። በገጹ ላይ ሁለት ትንንሽ ክቦች፣ በጎኑ ደግሞ ከመሙያው ግራና ቀኝ ሁለት የሚጫኑ ቁልፎች አሉት። ቅቡ እዚህም እዚያም ተላጥቶ ቢጫው ነሐስ ብቅ ብሏል። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ያደግሁት ታሪክ እንደሚለው፣ አያቴ ይህንን ሰዓት ያገኙት በ1933 ዓ.ም. ጠላት ድል ሆኖ ሲወጣ ከአንድ የተማረከ የጣልያን መኮንን ነው። ሰዓቱን በቅርቡ ያስረከቡኝ የአባቴ ታላቅ እኅት ናቸው። ሲሰጡኝም፣ «አንተ ፈረንጅ አገር ተሻግረህ የተማርክ ነህ፤ እስቲ ታሪኩን አጣርተህ ለልጆቹ ጻፍላቸው» አሉኝ። እኔም አጣራለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። ቃል መግባት ቀላል ነው፤ ማጣራት ግን ያልጠበቁትንም ያመጣል።

ይህ ዓይነቱ ሰዓት ክሮኖግራፍ ይባላል። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «ጊዜ ጻፊ» ማለት ነው። ስያሜው ዘይቤ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1821 ኒኮላ ሪዮሴክ የተባለው ፈረንሳዊ ሰዓት ሠሪ በፓሪስ የፈረስ እሽቅድምድም ላይ ያቀረበው መሣሪያ በእርግጥም በገጹ ላይ የቀለም ነጥብ ያሳርፍ ነበር። ከእርሱ አስቀድሞ ሉዊ ሟኔ እ.ኤ.አ. በ1816 ለሥነ ፈለክ ምልከታ የሠራው መሣሪያ ሰከንድን ለ60 ይከፍል ነበር። የዛሬው ክሮኖግራፍ ቀለም የለውም፤ ሰዓቱን ሳያቆም፣ በቁልፍ የሚነሣና የሚቆም የተለየ የሰከንድ ቆጣሪ ያለው የእጅ ሰዓት ነው።

በሰዓታችን ጠርዝ ዙሪያ ቁጥሮች ተደርድረዋል። 60 ከ60ኛው ሰከንድ፣ 120 ከ30ኛው፣ 240 ከ15ኛው ጋር ይገጥማሉ። አንባቢ ወዲያው እንደሚገነዘበው ይህ 3600ን ለሰከንዱ ማካፈል ነው፤ አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ የፈጀውን ሰከንድ የለካ ሰው ፍጥነቱን በሰዓት በኪሎ ሜትር ያነባል። በሌሎች ክሮኖግራፎች ላይ ደግሞ የርቀት መለኪያ ይገኛል። መብረቁ ሲታይ ይነሣል፣ ነጎድጓዱ ሲሰማ ይቆማል፤ 5 ሰከንድ ማለት 1.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ተማሪዎቼ ዘወትር የሚሳሳቱበትን ነገር እዚህ ላይ ላንሣ፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩም ስለሳሳ መለኪያው አይሠራም ይሉኛል። የድምፅ ፍጥነት ግን የሚወሰነው በአየሩ ሙቀት እንጂ በግፊቱ አይደለም። በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ በባሕር ጠረፍም ሆነ በእንጦጦ 340 ሜትር በሰከንድ ነው።

ከመክፈት በፊት

አሮጌ ሰዓት እጁ የገባ ሰው ሁሉ በቅድሚያ የሚያየው በገጹ ላይ የተጻፈውን ስም ነው። እኔ ግን በስሙ ብዙም እንዳትመኩ እመክራለሁ። በሃያኛው ክፍለ ዘመን አብዛኞቹ የስዊስ ሰዓት ድርጅቶች የውስጥ መኪናውን ከጥቂት ትልልቅ አምራቾች እየገዙ ስማቸውን ብቻ ያትሙ ነበር። በእኛ ሰዓት ላይ ደግሞ ስሙ ተፍቆ ሊነበብ አይችልም። ስለሆነም የምንጠይቀው «ማን ሠራው?» ብለን ሳይሆን «እያንዳንዱ ክፍል ከየትኛው ዘመን በፊት ሊኖር አይችልም?» ብለን ነው።

የጀርባውን ክዳን ለመክፈት እጄ ቢያሳክከኝም አልከፈትኩም። ምክንያቱ በቆጣሪዎቹ ጫፍ ላይ ያለው፣ በጨለማ እንዲያበራ የተቀባው ቡናማ ቅብ ነው። እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ድረስ ይህ ቅብ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው ከሬዲየም ነበር። በአሜሪካ ኒው ጀርሲ ውስጥ ብሩሻቸውን በከንፈራቸው እያሾሉ ቅቡን ይቀቡ የነበሩ ወጣት ሴቶች መንጋጋቸው እየፈረሰ እንደሞቱ ከፊዚክስ ታሪክ ያነበባችሁ ታስታውሳላችሁ። ጉዳታቸው እ.ኤ.አ. በ1928 በፍርድ ቤት ክርክር ለዓለም ተሰማ። የሬዲየም 226 ግማሽ ዕድሜ 1600 ዓመት ነው። በ1933 ዓ.ም. በአንድ መኮንን እጅ የነበረ ሬዲየም ዛሬም ከመቶ 96 እጁ አለ ማለት ነው። «በጨለማ አያበራም፤ እንግዲህ ሞቷል» ማለት ትልቅ ስሕተት ነው። የሞተው በአልፋ ቅንጣቶች የተደበደበው የዚንክ ሰልፋይድ ክሪስታል ነው፤ ጨረሩ ግን እንዳለ ነው። የደረቀ ቅብ ደግሞ ይፈረፈራል፤ ክዳኑን ከፍቶ ትንፍ ያለ ሰው ዱቄቱን ወደ ሳንባው ይስባል።

ስለዚህ ሰዓቱን በቤተ ሙከራችን የጋይገር ቆጣሪ ሥር አስቀመጥኩት። ሬዲየም ቢሆን ኖሮ ልጆቹ የሚያወጡት ጋማ ጨረር መስታወቱን አልፎ ቆጣሪውን ያንጫጫው ነበር። ቆጣሪው ግን በባዶ ጠረጴዛ ላይ ከሚሰማው ምንም የተለየ አላሰማም። ቀጥሎ በአጉሊ መነጽር የገጹን ግርጌ ስመለከት ከ6 ቁጥር በታች ጸጉር የምታህል ጽሕፈት አገኘሁ፤ «ቲ ስዊስ ሜድ ቲ»። ቲ ማለት ትሪቲየም ነው። ትሪቲየም የሚያወጣው ቤታ ጨረር ከ18.6 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አይበልጥም፤ መስታወት ቀርቶ ስስ ወረቀትም ያግደዋል። የቆጣሪው ዝምታ የተፈታው በዚህ ነው። ይህ ምልክት በስዊስ ሰዓቶች ገጽ ላይ የተለመደው ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። የትሪቲየም ግማሽ ዕድሜ 12.3 ዓመት ስለሆነ በ56 ዓመት ውስጥ ከመቶ 4 እጅ ያህሉ ብቻ ይቀራል።

በዚያች ምሽት የእትዬ ፊት በዓይነ ሕሊናዬ መጣብኝ። ነገር ግን የሰዓት ገጽ ሊለወጥ ይችላል፤ አንድ ማስረጃ ፍርድ አይሆንም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ከክዳኑ በታች

ሰዓቱን የከፈቱልኝ ዓይናቸው ላይ ባለ አጉሊ መነጽር አርባ ዓመት የሠሩ አንድ አዛውንት ሰዓት ሠሪ ናቸው። ሞላው ጤነኛ እንደሆነ ነገሩኝ። («ሞላ» የሚለው ቃል ራሱ ከጣልያንኛ የወረስነው ነው፤ ቃሉ በእርግጥ ከጣልያን መጥቷል።) ከዚያም ወዲያና ወዲህ ከሚወዛወዘው ጎማ ሥር ያለውን ቁጥር አነበቡልኝ፤ 7733።

ቁጥሩ ሁሉን ተናገረ። ቫልዡ የተባለው፣ በስዊስ ዡ ሸለቆ እ.ኤ.አ. በ1901 የተመሠረተው አምራች፣ ቬነስ የተባለውን ተፎካካሪ ጠቅልሎ የወረሰውን የክሮኖግራፍ ንድፍ እ.ኤ.አ. በ1966 በ7730 ቁጥር አወጣው፤ ያንኑ አሻሽሎ 7733 ያለው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በቀደሙት ውድ ክሮኖግራፎች ውስጥ ቁልፉ ሲጫን ትእዛዙን የሚያስተላልፈው እንደ ግንብ ጫፍ የቆሙ ዓምዶች ያሉት ትንሽ ጎማ ነው። በዚህኛው ውስጥ ግን በማተሚያ የተቆረጠ፣ ቅርጹ የተጠማዘዘ ጠፍጣፋ ብረት ሥራውን ይሠራል። ርካሽ ነው ይሉታል፤ እኔ ግን በጥቂት ክፍሎች ያንኑ ሥራ መሥራት የብልኅ መሐንዲስ ሥራ ይመስለኛል።

በማይክሮፎን ድምፁን ወደ ኮምፒውተር ቀድቼ ስቆጥር በሰከንድ 5 ምት አገኘሁ፤ በሰዓት 18,000 ማለት ነው፤ የ7733 ልክ ይኸው ነው። የሰከንድ ቆጣሪውም የሚዘለው በአንድ አምስተኛ ሰከንድ ነው፤ በገጹ ላይ በሁለት ሰከንዶች መካከል ያሉት ክፍልፋዮችም 5 ናቸው። ገጹና መኪናው አብረው የተወለዱ ለመሆናቸው ይህ አንድ ምልክት ነው። አዛውንቱ ደግሞ ሌላ አሳዩኝ፤ የቁልፎቹ ቀዳዳዎች ከመኪናው መቀስቀሻዎች ጋር አንድም ሳይሞረዱ በልክ ይገጥማሉ፤ መያዣውም የተሠራው ለዚሁ መኪና ነው።

የቀረው በክዳኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ በመርፌ የተጫረ ጽሑፍ ነበር። ሰዓት ሠሪዎች ጥገና ሲያደርጉ ቀኑን በዚያ የመጫር ልማድ አላቸው። የተጫረው «2/13/67» ይላል። አንድ አሜሪካዊ ቢያነበው «የካቲት አጋማሽ፣ 1967» ብሎ ያልፈው ነበር። ነገር ግን ያኔ 7733 ገና አልተሠራም። ሁለተኛውን ቁጥር ወር ነው ካልን ደግሞ 13 ወር ያለው የዘመን አቆጣጠር የእኛ ነው፤ ጳጉሜን 2 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በፈረንጅ መስከረም 7 ቀን 1975። አንድ ኢትዮጵያዊ ሰዓት ሠሪ ለእንቁጣጣሽ ሳይደርስ አጽድቶት ነበር። ሰዓቱ እንግዲህ ከ1969 እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት ውስጥ የተሠራ ነው፤ መኮንኑ ከተማረከ ቢያንስ ከ28 ዓመት በኋላ።

ለእትዬ ስነግራቸው ሳይቆጡ ዝም ብለው አዳመጡኝ። አያቴን ውሸታም እንዳላልኩ ደጋግሜ ማስረዳት ነበረብኝ። ቡናቸውን ጨርሰው ስኒውን ካስቀመጡ በኋላ፣ «እንግዲያውስ ያኛው ወዴት ሄደ?» ብለው ጠየቁኝ።

ይህንን ጥያቄ ጋይገር ቆጣሪ አይመልሰውም። ከሣጥናቸው ውስጥ አንድ የሠርግ ፎቶግራፍ አወጡልኝ፤ በጀርባው 1945 ዓ.ም. ተጽፎበታል። አያቴ ነጭ ለብሰው ቆመዋል፤ ግራ እጃቸው በልጃቸው ትከሻ ላይ አርፏል። ፎቶግራፉን በአጉሊ መነጽር ሥር አየሁት። በእጃቸው ላይ አንድ ሰዓት አለ፤ ትንሽ ነው፣ በጎኑ መሙያ እንጂ የሚጫን ቁልፍ የለውም።