ያልወለዷቸው ልጆች የጦሯቸው መምህርት

ባለፈው ዓመት በ91 ዓመታቸው ያረፉት መምህርቴ፣ በሕይወት ሳሉ «ስሜን ጋዜጣ ላይ እንዳታወጪው» ብለውኛልና ስማቸውን አልጠቅስም። እኛ ተማሪዎቻቸው «ቲቸር» ነበር የምንላቸው። ጡረታ ከወጡ ከ30 ዓመት በኋላም ያው «ቲቸር» ነበሩ። አላገቡም፣ አልወለዱም። እንዲህ ያለ ሰው ሲያረጅ ማን ይጦረዋል? ዛሬ የማጫውታችሁ ስለዚህ ነው።

ቲቸር የተወለዱት ጉራጌ፣ እምድብር አካባቢ ነው። ፊደል የቆጠሩት በካቶሊክ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ሲሆን፣ በ19 ዓመታቸው አዲስ አበባ መጥተው ማስተማር ጀመሩ። 36 ዓመት ሙሉ ያስተማሩት አንደኛና ሁለተኛ ክፍልን ብቻ ነው። ወደ ከፍተኛ ክፍል ይዛወሩ ሲባሉ «ማንበብ የገባው ልጅ ፊቱ እንዴት እንደሚበራ ብታዩ እናንተም አትለቁም ነበር» ይሉ ነበር።

በአገራችን ካቶሊኮች ጥቂት ናቸው። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ 0.7 በመቶ ብቻ ነበሩ። ብዙ ሰው ሃይማኖቱን የፈረንጅ አድርጎ ያያል። ቲቸር ግን ነጠላቸውን አጣፍተው ልደታ ማርያም ካቴድራል በግዕዝ ሥርዓት የሚያስቀድሱ፣ ጾም የሚጾሙ የአገር ቤት ሴት ነበሩ። ግድግዳቸው ላይ የቅዱስ ዮሐንስ ባፕቲስት ደ ላ ሳል ሥዕል ተሰቅሎ ነበር። እኚህ ካህን እ.ኤ.አ. በ1651 በፈረንሳይ የተወለዱ ሲሆን፣ የድሃ ልጆች በላቲን ሳይሆን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ማንበብ እንዲጀምሩ ያደረጉ ናቸው። በ1950 ደግሞ የመምህራን ሁሉ ጠባቂ ተብለው ተሰይመዋል። ቲቸርም ከገጠር የመጣና አማርኛ ያልገባው ልጅ ክፍላቸው ሲገባ መጀመሪያ በጉራጊኛ ያናግሩት ነበር። ልጁ ሲስቅ ከዚያ በኋላ «ሀ» ይባላል።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ማታ ማታ በቀበሌ ጎልማሶችን አስተማሩ። ቤተ ክርስቲያን መሳም በክፉ ዓይን በሚታይበት በዚያ ጊዜ መቁጠሪያቸውን አልደበቁም፤ ማንንም ግን ወደ ሃይማኖታቸው አልጎተቱም። ካስተማሯቸው ሰዎች አንዱ የሰፈራችን ባለሱቅ የነበሩ ሙስሊም አባት ናቸው። የዱቤ መዝገባቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ እጃቸው የጻፉት ያን ዓመት ነው።

እኔ ዲፕሎማ ነርስ ሆኜ ጤና ጣቢያ ስሠራ የቲቸርን የደም ግፊት እየለካሁ ነው ያረጀነው ማለት ይቻላል። በጾም ወራት ክኒናቸውን ስለሚያዘልሉ እንጨቃጨቅ ነበር። በኋላ የንስሐ አባታቸው «የታመመ ሰው ጾም አይገደድም፣ መድኃኒትሽን በሰዓቱ ዋጪ» ሲሏቸው ትንሽ ቅር አላቸውና «እንግዲያው ጨውና ስኳሩን እጾማለሁ» አሉ። እኔ ለዓመታት ለምኜ ያጣሁትን በአንድ ቀን አደረጉት። እናት አባታችሁ መድኃኒት እየወሰዱ የሚጾሙ ከሆነ ሐኪሙንም የንስሐ አባታቸውንም አነጋግሩ። ብቻችሁን አትከራከሩ።

ትልቁ ችግር የመጣው የልደታ አሮጌ ሰፈር ፈርሶ ጎረቤት ሲበተን ነው። ለቲቸር የደረሳቸው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር፤ ሊፍት የለውም፣ ጉልበታቸውም ደረጃውን አልቻለም። ቅዳሴ ቀረ። ከሰዓት በኋላ ደብተር ይዘው የሚመጡት የሰፈር ልጆችም ቀሩ። ምግብ ተዉ፣ ክብደታቸው ቀነሰ፣ «ምን ቀረኝ?» ማለት አበዙ። አረጋዊ ምግብ ሲያስጠላው «እርጅና ነው» ብሎ መተው አይገባምና ወስደን አስመረመርናቸው። ደማቸውም ሌላውም ደህና ነበር። የጎደላቸው ሰው ነበር።

ለቀድሞ ተማሪዎቻቸው ደወልኩ። ተራ አወጣን፤ አንዱ ምግብ፣ አንዱ ሕክምና፣ አንዱ እሑድ በመኪና ወደ ቅዳሴ። የባለሱቁ ልጅ ግን ከሁላችንም በለጠ። እዚያው ግቢ ምድር ቤት የነበረውን ቤቱን ለቲቸር ለቆ እሱ ከነቤተሰቡ ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። «አባቴ ስሙን የጻፈው በእሳቸው ነው» ከማለት በቀር ምንም አልጨመረም።

ቲቸር በራቸው ወደ ግቢው ሲከፈት የግቢው ልጆች መሰብሰብ ጀመሩ። ያኔ ዓይናቸው ደክሞ ስለነበር ልጁ ጮክ ብሎ ያነባል፣ እሳቸው ወንበራቸው ላይ ሆነው ያዳምጣሉ። ቃል ሲዘለል «ተመለስ!» ይላሉ። በሁለት ወር ውስጥ ክብደታቸው ተመለሰ፤ መዝገቤ ላይ አለ። ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት ኖሩ፤ እስከ መጨረሻው ሳምንትም «ተመለስ!» ይሉ ነበር።

የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው ይባላል። እኔ ከ30 ዓመት በላይ በነርስነት ሠርቼ የምጨምርበት አንድ ነገር ቢኖር፣ አረጋዊ ጠያቂ ብቻ ሳይሆን የሚፈልገውም ሰው ያስፈልገዋል። ወላጆቻችንን በመጦር ስም ሥራ አናስፈታቸው። ሽንኩርት መላጥ የሚችሉ ይላጡ፤ ተረት የሚያውቁ ያውሩ። ልጃችሁ ደግሞ ዛሬ ማታ ደብተሩን ይዞ አያቱ አጠገብ ይቀመጥና ሩብ ሰዓት ያንብብላቸው። አያት ፊደል ባይቆጥሩም ግድ የለም፤ ማዳመጥ ይችላሉ።

የቲቸርን ነፍስ በገነት ያኑርልን።