የዋልታው ሙቀት እና የጎጃም ሰማይ

በጎጃሟ ፈረስ ቤት የጥር ማለዳ ጋቢ ያስደርባል። ሰማዩ ጥርት ያለ ነውና ምንም የሚሆንበት አይመስልም። በ2001 ዓ.ም. ግን ጥምቀት በወጣ ሰሞን ከዋልታ የተነሣ ነውጥ ከምድር ወገብ በላይ ያለውን ሰማይ ሳይቀር ነክቶታል።

በእኛ በጋ የሰሜን ዋልታ በጨለማ ይዋጣል። ከበላዩ ቀዝቃዛ አየር በብርቱ ነፋስ ታጥሮ ይሽከረከራል፤ የዋልታ አዙሪት ይሉታል። ከሂማሊያና ከሮኪ ተራሮች የሚላተመው ነፋስ ግዙፍ ሞገድ ወደ ላይ ይሰዳል። ሞገዱ ሲበረታ አዙሪቱን ያዳክመዋል፤ አየሩም ወደ ታች እየሰመጠ ይታመቃል፣ ሲታመቅ ይሞቃል። የብስክሌት ጎማ የነፋ ሰው የፓምፑን ግለት ያውቀዋል፤ እዚያም የሚሆነው ይኸው ነው። በዚያ ጥር፣ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ ሙቀቱ በጥቂት ቀናት ከ50 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ጨመረ።

እንዲህ ያለውን ክስተት መጀመሪያ፣ እ.ኤ.አ. በ1952፣ በርሊን ላይ ያስተዋለው ጀርመናዊው ሪቻርድ ሸርሃግ ነበር።

የላይኛው ሙቀት ታች ላለው ሰው ብርድ ይዞ የሚመጣበት ጊዜ አለ። በየካቲት 2010 ዓ.ም. አዙሪቱ ለሁለት ተሰነጠቀ። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ ሮም በረዶ ለበሰች። የግሪንላንድ ሰሜናዊ ጫፍ ግን ከዜሮ በላይ ሞቀ።

ለጎጃም ገበሬ ይህ የክረምቱን ዝናብ የሚወስን ጉዳይ አይደለም። ክስተቱ የሚመጣው በደረቁ ወራት ነው፤ ለእኛ የሚተርፈውም ከደመና እጅግ በላይ ነው። የማግኔት ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ፣ በዚህ መስመር፣ ቀን ቀን ብርቱ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። ጨረቃ ባሕርን እንደምትስብ አየርንም ትስባለች፤ ዋልታው ሲሞቅ ይህ የጨረቃ ማዕበል ይጎላል፣ ጅረቱንም ያናውጣል። በ2001ዱ ክስተት በዚሁ መስመር ላይ ያለው የፔሩ የሂካማርካ ራዳር፣ ኤሌክትሪክ ያዘለውን አየር ጠዋት ወደ ላይ፣ ከሰዓት በኋላ ወደ ታች የሚነዳ ያልተለመደ እንቅስቃሴ መዝግቧል። አጭር ሞገድ ሬዲዮም ሆነ የስልካችን ጂፒኤስ የሚሠሩት በዚሁ የሰማይ ክፍል በኩል ነው።

ጅረቱን ለመለካት ኢትዮጵያ የተመቸች አገር ናት። የአዲስ አበባው የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ በካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዋን ጥረት በ1950 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ጀመረ። ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት እንዳወቀ ይዘንጋው የሚመሩት የማግኔት መለኪያ መረብ ደግሞ አዲግራት ላይ ጣቢያ ተክሏል። የአዲግራቱ ልኬት ከአዲስ አበባው ሲቀነስ የጅረቱ ጉልበት ይታወቃል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ስሙ የቅኔውን ዋሸራ የሚያስታውስ የሕዋና ራዳር ሳይንስ ቤተ ሙከራ አለው።

እንዲህ ያለ መዝገብ ዋጋ የሚኖረው ሳይቋረጥ ሲቀጥል ነው። የጎደለ ቀን ተመልሶ አይለካም። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲዎቻችንና መንግሥት ለእነዚህ መሣሪያዎች መብራት፣ ጥገናና ባለሙያ ሊያጓድሉባቸው አይገባም።