የአጥቂዎች ጥምረት፦ የፊት መስመር እንዴት ይዋቀራል?

የአሰላለፍ ዝርዝር ሲወጣ የአዳማ ከተማ ደጋፊ ዓይን ቀድሞ የሚያርፈው በአጥቂዎቹ ስም ላይ ነው። ቅሬታውም ከዚያው ይጀምራል፤ ባለፈው ሳምንት ያገባው ልጅ ዛሬ ለምን ተቀመጠ? ጥያቄው ለአንድ ተጫዋች ፍትሕ ይፈልጋል፤ አሰልጣኙ ግን ሦስት ሰዎችን በአንድ ላይ ማሰብ አለበት። በእኔ እምነት የእግር ኳስ ወሬያችን ስለ አጥቂ ብዙ፣ ስለ አጥቂዎች መጣመር ግን እጅግ ጥቂት ያወራል። የፊት መስመር የሚሰምረውም የሚከሽፈውም ግን በጥምረቱ ነው። በተለመደው የሦስት አጥቂ አሰላለፍ የመሀሉ አጥቂ ከተከላካዮች ጋር እየታገለ ኳስ ይይዛል፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ እየተሳበ ተከላካዩን ከቦታው ያስወጣል። ከመስመር አጥቂዎቹ አንዱ ጠርዙን ይዞ ሜዳውን ያሰፋል፣ ሌላው ወደ ውስጥ ሰብሮ ገብቶ ይጨርሳል። ሦስቱም ኳስ እግራቸው ድረስ እንድትመጣላቸው የሚጠብቁ ከሆነ ከተከላካይ ጀርባ የሚሮጥ ይጠፋል። ሦስቱም ሯጮች ከሆኑ ደግሞ ኳሷን ይዞ የሚያቆይላቸው የለም። ኳስ ሲነጠቅም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ብቻውን እየሮጠ ሁለቱ ቆመው ካዩት፣ ተጋጣሚው በሁለት ቅብብል አልፏቸው ይሄዳል።

ይህን ሐሳብ እስከ ጥግ የወሰዱት በረዶ ላይ የሚጫወቱት ናቸው። በሰሜን አሜሪካ የበረዶ ሆኪ አንድ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ 12 አጥቂዎች ይዞ ይገባና ሦስት ሦስት አድርጎ በአራት መስመር ይከፍላቸዋል። አንዱ መስመር አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው ይወጣል፤ ጨዋታው ሳይቆም ሌላው ይተካዋል፤ የወጣውም አርፎ ይመለሳል። ስለዚህ እዚያ አሰልጣኝ የሚመርጠው ሰው በሰው ሳይሆን መስመር በመስመር ነው። እ.ኤ.አ. በ1949/50 የውድድር ዘመን ዲትሮይት ሬድ ዊንግስ ሲድ ኤብልን ከመሀል፣ ቴድ ሊንዚንና ጎርዲ ሃውን ከክንፍ አሰልፎ ሦስቱም የሊጉን የነጥብ ሰንጠረዥ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ተቆጣጠሩት። ሆኪ ጎል ላስቆጠረም ላቀበለም እኩል ነጥብ ይሰጣል። አንደኛ የወጣው ሊንዚ 23 ጎል አግብቶ 55 አቀብሏል። በእኛ አቆጣጠር ቢሆን ኖሮ ስሙን ማን ያነሳው ነበር?

ወደ ሀገራችን ስንመለስ ማስረጃው ሩቅ አይደለም። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ኢትዮጵያ በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪካን ዋንጫ ስታነሳ አራቱን ጎሎች አራት ሰዎች ተካፈሏቸው፤ ግርማ ተክሌ፣ ሉቺያኖ ቫሳሎ፣ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ። ሁለቱ ቫሳሎዎች ወንድማማቾች ነበሩ። ከአራት አቅጣጫ ጎል የሚመጣለትን ቡድን አንድ ሰው በመያዝ ማቆም አይቻልም። እርግጥ ነው፣ ይህ አንድ ጨዋታ ነው፤ በገዛ ሜዳችንም ነበር። የ2013 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊግ ግን አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ነው። አቡበከር ናስር ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ ዋንጫው ግን በፋሲል ከነማ እጅ ወደ ጎንደር ሄደ፣ ቡና ሁለተኛ ወጣ። እዚህ ላይ፣ ያለ አቡበከር ቡና ሁለተኛስ ይወጣ ነበር ወይ ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ዋንጫም የሚታጣው በፊት መስመር ብቻ አይደለም። እኔ የምለው ጨራሽ አያስፈልግም አይደለም፤ ጨራሹ ብቻውን የፊት መስመር አይሆንም ነው። በጥር 2014 ዓ.ም. ካሜሩን ባስተናገደችው የአፍሪካ ዋንጫ የአዳማ ከተማው ዳዋ ሆቴሳ በ4ኛው ደቂቃ አስቆጥሮ ዋልያዎቹን ከአስተናጋጇ ሀገር አስቀደማቸው፤ ጨዋታው ግን 4 ለ 1 ተጠናቀቀ። በምድቡ ሦስት ጨዋታዎች የተገኘው ሌላ ጎል የጌታነህ ከበደ ፍጹም ቅጣት ምት ብቻ ነበር። ዳዋ፣ ጌታነህ፣ አቡበከርና አማኑኤል ገብረሚካኤል የነበሩበት ስብስብ የጨራሽ እጥረት ነበረበት ለማለት ይከብዳል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ከክለቦች የሚመጣው ነው። እንደ አዳማ ከተማ ወይም በ2016 ዓ.ም. በፕሪሚየር ሊጉ እንደተጫወተው ሻሸመኔ ከተማ ያለ ክለብ አጥቂ እንደ ልቡ መምረጥ አይችልም፤ ጤነኛ የሆነውን ያሰልፋል፣ በዓመቱ ግማሹ ይሄድበታል፣ ጥምረት ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል። እውነት ነው። ይሁን እንጂ ክርክሩ ተገልብጦም ይሠራል፦ ውድ ጨራሽ መግዛት ያልቻለ ክለብ ከጥምረት ሌላ ምን አለው? ሊጉ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ ክለቦችን እንደ አዳማና ሐዋሳ ባሉ ከተሞች እየሰበሰበ ሲያጫውት ጨዋታዎቹ ተቀራርበው ነበር የሚመጡት። በስምጥ ሸለቆው ፀሐይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከፊት የሚጫን አጥቂ በስድሳ ደቂቃ ጉልበቱን ይጨርሳል። ስለዚህ አሰልጣኙ አንድ መስመር ሳይሆን ቢያንስ አንድ ተኩል መስመር አስቀድሞ ማዘጋጀት አለበት።

የቅያሬ ሕጉም ወደዚያው ይገፋል። ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ የተፈቀደው አምስት ቅያሬ፣ ከዕረፍት ሰዓት ውጭ በሦስት ጊዜ ብቻ የሚፈጸም ነው። አምስቱን ሊጠቀም የፈለገ አሰልጣኝ ቢያንስ አንዴ ከአንድ በላይ ተጫዋች አብሮ ማስገባቱ አይቀርም፤ እንደ ሆኪው ግን የወጣ አይመለስም። ብዙ ጊዜ የሚታየው አጥቂን በአጥቂ የመተካት ልማድ ይህን ዕድል ያባክናል። የመሀሉን አጥቂና የአንዱን ጠርዝ ተጫዋች አብሮ መቀየር፣ የሚገቡትንም ሳምንቱን ሙሉ ጎን ለጎን ማለማመድ ግን ተጨማሪ ብር አይጠይቅም። የልምምድ ሰዓት መሸንሸን ብቻ ይበቃዋል።