የሻንቶ ነጋዴና የፖሊስ ቁጥር

በዳሞት ፑላሳ ወረዳ ዋና ከተማ በሻንቶ መደብር ሊከፍት ወይም ዕቃ በዱቤ ሊለቅ ያሰበ ነጋዴ ከዋጋው እኩል ጸጥታውን ይጠይቃል። መልሱን ከወንጀል ቁጥር የሚሻ ግን አነባበቡን ይወቅ።

ቁጥሩ የሚነሳው ከፖሊስ ጣቢያ መዝገብ ነው። ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል፣ ከዚያም ወደ ፌዴራል ፖሊስ ይደመራል። ተበዳዩ ያላመለከተው ስርቆት በድምሩ ውስጥ የለም።

የክልል ወሰንም ተለውጧል። ከቀድሞው ደቡብ ክልል ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014 ተለዩ፤ ወላይታ ከነሐሴ 2015 ወዲህ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሥር ነው። የ2010ን «ደቡብ» ከዛሬው ጋር አስተያይቶ «ወንጀል ቀነሰ» ማለት የሁለት ኩንታልን ዋጋ ከአንድ ኩንታል ጋር ማወዳደር ነው። የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የ1999 በመሆኑ በሕዝብ ብዛት ተካፍሎ የሚወጣውም ግምት ነው።

የወንጀሉ ዓይነትም ይለያል። በ1997ቱ የወንጀል ሕግ ስርቆት በአንቀጽ 665፣ እምነት ማጉደል በ675፣ ደረቅ ቼክ በ693 ይታያሉ። ዱቤ ሰጪን ይበልጥ የሚመለከቱት የኋለኞቹ ሁለቱ ናቸው። ዱቤ አለመክፈል ብቻውን የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ስለሆነ ከፖሊስ ቁጥር አይገኝም።

ተዘርፎ ዝም ያለ ነጋዴ የገበያውን ሥጋት ከቀጣዩ ነጋዴ ይደብቃል።