ወላጆቻችንን እረፍት ሲጎዳቸው

ልጆች እናት አባታቸውን ከጎንደር፣ ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ ወደ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ሲያስመጡ ከሁሉ አስቀድመው ሊሰጧቸው የሚሹት እረፍት ነው። ሠላሳና አርባ ዓመት ሲያስተምር፣ ሲያክም፣ ሲነግድ፣ ልጅ ሲያሳድግ የኖረ ሰው ከእንግዲህ ሊደክም አይገባም ይላሉ። «እማዬ፣ ምንም እንዳትነኪ፤ አርፈሽ ቁጭ በይ» የሚለው ቃል ከእውነተኛ ፍቅር የሚወጣ ነው። ስለ እርጅና ባለፉት ሃያና ሠላሳ ዓመታት የተሠሩ ጥናቶችን ያነበበ ሰው ግን ይህን ቃል ሲሰማ መስጋቱ አይቀርም።

እነዚህ ሰዎች አገራቸው ሳሉ ጡረታ ቢወጡም ሥራ አልፈቱም ነበር። የዕድር ዳኛ ወይም ገንዘብ ያዥ ናቸው፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ ሽምግልና ይቀመጣሉ፤ ለቅሶ ይደርሳሉ፤ የማኅበር ተራቸውን ያወጣሉ፤ ማለዳ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ በእግራቸው ደርሰው ይመለሳሉ። ማንም ስፖርት ብሎ ባይጠራውም እግራቸው ይሠራል። የሰው ስም፣ የዕድር ሒሳብ፣ የዘመድ ሐረግ ሲያስታውሱ አእምሯቸውም አይቦዝንም። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ካለ አፓርታማ ሲገቡ ይህ ሁሉ ባንድ ጊዜ ይቋረጣል። ልጅ ሁለት ሥራ ላይ ነው፤ የልጅ ልጅ ትምህርት ቤት ይውላል፤ ገበያውም ሐኪሙም ቤተ ክርስቲያኑም በመኪና የሚደረስ ነው። ቀኑ ቴሌቪዥን ፊት ያልፋል።

ሰውነት ለእንዲህ ያለው እረፍት የሚሰጠው ምላሽ ፈጣን ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ በወጣ ጥናት፣ አማካይ ዕድሜያቸው 67 የሆነ ጤነኛ ሰዎች ለ10 ቀናት አልጋ ላይ እንዲውሉ ተደረገ። በ10 ቀን ውስጥ ከእግራቸው ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ሥጋ፣ ከጉልበታቸው ጥንካሬም 16 በመቶ ያህሉ ጠፋ። ሶፋ አልጋ አይደለምና ሶፋ ላይ ለሚውል ሰው ጉዳቱ ዝግ ብሎ ይመጣል፤ አካሄዱ ግን ያው ነው። ዕድሜ ሲገፋ ጡንቻ ከምግብ ያገኘውን ፕሮቲን ወደ አዲስ ሥጋ የመለወጥ አቅሙ ስለሚቀንስ፣ ሳይሠራ የቆየ ጡንቻ ቶሎ ይከሳል፤ የጠፋውን መመለስም ረጅም ጊዜ ይጠይቃል። መጀመሪያ ደረጃ መውጣት ያስቸግራል፣ ቀጥሎ ከወንበር መነሣት፣ ከዚያ መውደቅ ይመጣል።

ደግነቱ መከላከያው ከባድ አይደለም። የሐርቫርዷ ተመራማሪ አይ-ሚን ሊ በ2019 ባሳተመችው ጥናት፣ አማካይ ዕድሜያቸው 72 የሆነ ወደ 17 ሺህ የሚጠጉ ሴቶች ርምጃቸው በመሣሪያ ተቆጥሯል። በቀን 4,400 ርምጃ ያህል የሚራመዱት፣ 2,700 ርምጃ ያህል ከሚራመዱት ይልቅ በጥናቱ ዘመን የመሞት ዕድላቸው በ41 በመቶ ያነሰ ነበር። ጥቅሙ ወደ 7,500 ሲደርስ መጨመሩን ያቆማል። ብዙዎች የሚያወሩለት 10 ሺህ ርምጃ ለአዛውንት ግዴታ አይደለም ማለት ነው። በረዶ ሲሆን ብዙ አሜሪካውያን አዛውንት እንደሚያደርጉት በሞል ውስጥ መዞር ይቻላል።

እግር ግን ያለ ምክንያት አይነሣም። ሰው ማለዳ ተነሥቶ ጫማውን የሚያጠልቀው የሚጠብቀው ነገር ሲኖር ነው። ቺካጎ በሚገኘው ረሽ የሕክምና ማእከል ፓትሪሺያ ቦይልና ባልደረቦቿ ይህን «የሚጠብቅ ነገር» ለመለካት ሞከሩ። የመርሳት በሽታ የሌለባቸውን ከ900 በላይ አዛውንት ስለ ሕይወት ዓላማቸው ጠይቀው እስከ ሰባት ዓመት ተከታተሏቸው። በ2010 ባወጡት ውጤት፣ የዓላማ ነጥባቸው ከፍተኛ የሆነው ዝቅተኛ ከሆነው ይልቅ ከአልዛይመር የመርሳት በሽታ ነጻ ሆነው የመቆየት ዕድላቸው 2.4 እጥፍ ያህል ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ የተከተለው ጥናት ይበልጥ ያስደንቃል። ከተሳታፊዎቹ መካከል ያረፉ 246 ሰዎች አንጎል ሲመረመር፣ ጠንካራ ዓላማ የነበራቸው ሰዎች አንጎል ውስጥም የአልዛይመር ምልክት የሆነው ዝቃጭ ተገኘ። ሆኖም ያው በሽታ በሕይወት ሳሉ አስተሳሰባቸውን የጎዳው ባነሰ መጠን ነበር።

አስተዋይ አንባቢ እዚህ ላይ ይጠይቃል፤ ዓላማ ጤና ሰጥቷቸው ነው ወይስ ጤና ስላላቸው ነው ዓላማ የያዙት? ጥያቄው ተገቢ ነው። ሰዎችን በዕጣ ከፍሎ መፈተን የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው። ይህንንም ሊንዳ ፍሪድና ሚሼል ካርልሰን በባልቲሞር አድርገውታል። 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው፣ አብዛኞቹ ጥቁር አሜሪካውያንና ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ነዋሪዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ቡድን ሠልጥኖ በሳምንት 15 ሰዓት በመንግሥት የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እንዲሠራ ተመደበ። ሕፃናትን ያስነብባሉ፣ ቤተ መጻሕፍቱን ያሰናዳሉ፣ የተጣሉ ልጆችን ያስታርቃሉ። ለትራንስፖርትና ለመሰል ወጪ የሚሆን ጥቂት ገንዘብም ይሰጣቸዋል። አስቀድሞ በጥቂት ሴቶች ላይ በተደረገ የኤምአርአይ ምርመራ፣ ዕቅድ የምናወጣበትና ትኩረት የምንሰበስብበት የፊተኛው የአንጎል ክፍል ሥራ ጨምሮ ታየ። በ2015 በወጣው ሰፋ ያለ ጥናት ደግሞ ከሁለት ዓመት አገልግሎት በኋላ የወንዶቹ አንጎል መጠን ጥቂት ሲጨምር፣ በሌላው ቡድን የነበሩት ወንዶች አንጎል እንደ ዕድሜያቸው ቀንሷል። በሴቶቹ ላይ ይህ የመጠን ለውጥ ያን ያህል ጎልቶ አልታየም።

እኔ ከዚህ ጥናት የምወስደው ዋናው ነገር የሥራው ዓይነት ነው። ሥራው ጊዜ ማሳለፊያ ተብሎ የተፈጠረ አልነበረም። ልጆቹ ለማንበብ በእርግጥ እርዳታ ያስፈልጋቸው ነበር፣ መምህራኑም በእርግጥ ረዳት አጥሯቸው ነበር። አዛውንቱ ከቀሩ የሚጎድል ነገር አለ። ደግሞም ሥራው ከቤት ያስወጣል፣ ያራምዳል፣ ከሰው ያገናኛል፣ አዲስ ነገር ያስተምራል።

ለእኛ ወላጆች እንዲህ ያለ ሥራ በውጭ አገር ሞልቷል። ፊደል የማይቆጥሩ የልጅ ልጆች በየቤቱ አሉ፤ የቀድሞ መምህር ቅዳሜ ቅዳሜ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ አማርኛ ሊያስተምሩ ይችላሉ። አዲስ የመጣ ቤተሰብ ሲጣላ ሽማግሌ ያስፈልጋል። በእስራኤል ቤር ሸቫ ከኢትዮጵያ የሄዱ ቤተሰቦች ይኖሩበት በነበረ መርከዝ ክሊታ (የአዲስ መጤዎች መቀበያ ማእከል) አጠገብ የከተማ እርሻ ተቋቁሞ፣ ዕድሜያቸውን በግብርና ያሳለፉ ሰዎች እንደገና መሬት ነክተዋል።

ጫናም ግን መጠን አለው። የልጅ ልጅ ማሳደግን ሙሉ በሙሉ አያት ላይ የሚጥሉ ቤተሰቦች ጥቂት አይደሉም። በሜልቦርን በተደረገ አነስተኛ ጥናት፣ በሳምንት አንድ ቀን የልጅ ልጃቸውን የሚይዙ አያቶች በአእምሮ ፈተና የተሻለ ውጤት ሲያገኙ፣ አምስት ቀንና ከዚያ በላይ የሚይዙት በአንዱ ፈተና ዝቅ ብለው ተገኝተዋል። በየቀኑ ምርጫ በሌለበት የሚሠሩት ሥራ ሌላ ዓይነት ቁራኛ ነው። ወላጆች እንቢ ማለት መቻል አለባቸው።

ለልጆች የምለው ይህ ነው። ከቤቱ ኃላፊነት አንዱን በእውነት ለወላጆቻችሁ አስረክቡ፤ የእናንተ እጅ አይግባበት። በሰፈራችሁ ቤተ መጻሕፍት ነጻ የእንግሊዝኛ ንግግር ትምህርት መኖሩን ጠይቁ። ከሁሉ በፊት ግን ለብቻቸው መውጣት እንዲችሉ እርዷቸው። በዋሽንግተን አካባቢ 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነው ሰው የሜትሮ ዋጋ በግማሽ ነው። አንድ ቀን ከሥራ ፈቃድ ውሰዱ፣ የቅናሽ ካርዱን አውጡላቸው፣ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ወይም እስከ መስጊድ አብራችሁ ተሳፈሩ፤ መንገዱን እስኪለምዱትም ድገሙት።