አንድ ጭብጨባ ፍቅር ያበላሻል?

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። ክረምት ስንል የእኛን ማለታችን ነው፤ ልጁ ባለበት አገር ግን ፀሐዩ አናት የሚበሳበት በጋ ነበር። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ኒውዮርክ ከገባ ሦስት ዓመት ሆኖታል። አብራው የምትሠራ አንዲት ልጅ ልቡን ከወሰደችው ደግሞ ወራት ተቆጥረዋል። እሷም ብትሆን የጠላችው አትመስልም። ታዲያ አንድ ዓርብ ከሥራ ሲወጡ “እሁድ ከከተማ ወጣ ብለን ሙዚቃ ብንሰማስ?” ትለዋለች። እምቢ ይላል እንዴ!

ሙዚቃ ሲባል ጭፈራ የመሰለው ወጣት አዲሱን ሸሚዙን ለብሶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ ሽቶውን አርከፍክፎ ተነሣ። ሁለት ሰዓት ያህል በመኪና ተጉዘው አንዲት ትንሽ መንደር ሲደርሱ ግን የጠበቀው ሌላ፣ ያገኘው ሌላ ሆነ። ቦታው የመንደሩ መሰብሰቢያ አዳራሽ ነው። ዲጄ የለም፤ ድምፅ ማጉያ የለም፤ መጠጥ የለም። መድረኩ ላይ ያለው አራት ወንበርና አራት የኖታ ማስቀመጫ ብቻ ነው። ታዳሚው አብዛኛው ሽበታም ነው።

አራት ሙዚቀኞች ወጡና ጀመሩ። “መጀመሪያ እንቅልፌ መጣ” ይላል ራሱ ሲያጫውተን። “በኋላ ግን ያ ትልቁ፣ በእግራቸው መሀል ይዘው የሚጫወቱት፣ ሆዴ ድረስ ገባ። እናቴ ትዝ አለችኝ። ለምን እንደሆነ አላውቅም።” ሙዚቃው እየጋለ ሄዶ ድንገት ቀጥ ሲል ልጁ እጁን መያዝ አቃተው። ከልቡ አጨበጨበ። ብቻውን!

“ጭብጨባዬ እንደ ጥፊ ጮኸ” ነው የሚለው። ከፊት የተቀመጡ ሁለት ሦስት ሰዎች ዞረው አዩት። ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ሲመለሱ መኪናው ውስጥ ትንፍሽ አላለም። ሰኞ ዕለት የምሳ ሰዓቱን ቀየረ። ስትደውልለት አያነሳም። “ፋራነቴን በዓይኗ አየች፤ ከዚህ በኋላ በምን ፊቴ አያታለሁ?” ባይ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ ሳምንታት አለፉ።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ፍርድ ከመስጠታችን በፊት እስቲ የልጁ ጥፋት ምን እንደሆነ እንመርምር።

የእልፍኝ ሙዚቃ

ልጁ የሰማው ቻምበር ሙዚቃ የሚባለውን ነው። ቻምበር ማለት ክፍል፣ እልፍኝ ማለት ነው። ስሙ እንደሚለው ለቤት ውስጥ፣ ለጥቂት ሰው ጆሮ የተሠራ ሙዚቃ ነው። እንደ ትልቁ ኦርኬስትራ ሰማንያ መቶ ሰው አይሰለፍበትም፤ ፊት ቆሞ ዘንግ የሚወዘውዝ መሪም የለውም። ከዓይነቶቹ በጣም የታወቀው አራት ሰዎች የሚጫወቱት ኳርቴት ነው፦ ሁለት ቫዮሊን፣ ከቫዮሊን ትንሽ ተለቅ የምትል ቪዮላ፣ እና ልጁን እናቱን ያስታወሰው ቼሎ። መሪ ስለሌላቸው በዓይን ይጠባበቃሉ፤ አብረው ይተነፍሳሉ። አንዱ ነገር ያነሳል፤ ሁለተኛው ይቀበለዋል፤ ሦስተኛው ይከራከራል፤ አራተኛው ያስታርቃል። ቡና ላይ የተቀመጡ አራት ጎረቤታሞች በሏቸው።

የመንደር አዳራሽ የሚስማማውም ለዚህ ነው። በትልቅ አዳራሽ ኋላ የተቀመጠ ሰው ጨዋታውን ከሩቅ ነው የሚሰማው። በትንሿ ቤት ግን የደጋኑ ፍትጊያ፣ የተጫዋቹ ትንፋሽ ሳይቀር ጆሮህ ይደርሳል። በአሜሪካና በአውሮፓ የከተማው የኮንሰርት ወቅት በበጋ ጋብ ስለሚል ብዙ ሙዚቀኞች ወደ ገጠር ወጣ ይላሉ።

አንድ ኳርቴት ብዙውን ጊዜ እንደ መጽሐፍ አራት ምዕራፍ አለው። አንዱ አልቆ ሌላው እስኪጀመር አጭር ዝምታ ይኖራል። በዛሬው ልማድ ሰው የሚያጨበጭበው አራቱም ሲያልቁ ነው። ልጃችን ግን ከመጀመሪያው ምዕራፍ በኋላ ባለችው ዝምታ ላይ አጨበጨበ። ወንጀሉ ይኸው ነው!

ሞዛርት ይፍረድ

ወንጀል ከተባለ ደግሞ ዳኛ እንጥራ። (ዓመታቱን በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምንነግራችሁ።) በ1778 ሞዛርት የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ሳለ ፓሪስ ላይ አዲስ ሲምፎኒ አቀረበ። ለአባቱ በጻፈው ደብዳቤ እንደነገራቸው፣ ሕዝቡ ያጨበጨበው መጨረሻ ላይ ብቻ አይደለም፤ ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ መሀል፣ ሙዚቃው እየተጫወተ ነው። ሞዛርት ተናደደ? ኧረ በፍጹም! የወደዱትን ዜማ ቀድሞም እንደሚወዱት ጠርጥሮ ኖሮ፣ እንደገና እንዲመጣ አድርጎ ነበር። ሲያልቅ ከደስታው ብዛት ወጥቶ አይስክሬም በላ።

በየምዕራፉ መሀል ጸጥ ማለት የገነነው ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ ነው። ልማድ ነው እንጂ ከሰማይ የወረደ ሕግ አይደለም።

ሃይድን ደግሞ አለ፤ ስልሳ ስምንት ያህል ኳርቴቶች የጻፈ አባት። በ1781 ከጻፋቸው አንዱ “ቀልዱ” የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለታል። መጨረሻው ላይ ዜማው ቆም ይላል፤ አለቀ ስትል ይቀጥላል። ደግሞ ቆም፤ ደግሞ ቀጥል። በኋላ ረጅም ዝምታ ይመጣና አሁንስ በቃ ብለህ እጅህን ስታነሳ፣ መጀመሪያ ላይ የሰማሃትን ዜማ በለሆሳስ ጣል አድርጎልህ ይሄዳል። አዋቂ ነኝ የሚለውን ሁሉ ያለቦታው ለማስጨብጨብ የተጠመደ ወጥመድ!

ዝናቡም የተጫወተበት ቀን

ልጁ የሄደበት አይደለም እንጂ እዚያው ኒውዮርክ ግዛት ማቨሪክ የሚባል ስመ ጥር የገጠር አዳራሽ አለ። የሚገኘው ዉድስቶክ አጠገብ ጫካ ውስጥ ነው። ዉድስቶክ ሲባል በ1969 ጂሚ ሄንድሪክስ ጊታሩን ያስለቀሰበት ፌስቲቫል ትዝ የሚለው ሰው ይኖራል፤ ያ በስሙ ይጠራ እንጂ የተካሄደው ራቅ ብላ በምትገኝ ቤተል በምትባል ቦታ ነው። ማቨሪክን በ1916 ያሠራው ኸርቪ ዋይት የሚባል ደራሲ ነው። አርቲስቶች በትንሽ ወጪ የሚኖሩበት ሰፈር መሥርቶ ነበርና አዳራሹም የዚያ አካል ነው። ቤቱ ጎተራ መሰል፣ ከእንጨት የተሠራ፣ ለዛፍና ለነፋስ የቀረበ ነው። ውጪ ዛፍ ሥር ተቀምጦ መስማትም ይቻላል። መቶ ዓመት ካለፈው በኋላም በየበጋው ኮንሰርት ይካሄድበታል።

ኦገስት 29 ቀን 1952 ማታ ዴቪድ ቱዶር የተባለ ፒያኒስት እዚህ አዳራሽ ፒያኖው ፊት ተቀመጠ። የጆን ኬጅን አዲስ ሥራ ሊጫወት ነው። የፒያኖውን ክዳን ዘጋና ሰዓቱን እያየ ዝም አለ። ሦስት ምዕራፍ፣ በድምሩ አራት ደቂቃ ከሠላሳ ሦስት ሰከንድ፣ አንዲት ድምፅ ሳይመታ! ሰዉ ተናደደ። ኬጅ በኋላ እንደተናገረው ግን ዝምታ አልነበረም፤ በመጀመሪያው ምዕራፍ ውጪ ነፋሱ ይሰማል፤ በሁለተኛው ዝናብ ጣሪያውን ይደበድባል፤ በሦስተኛው ሰዉ ራሱ ያጉረመርማል፣ እየተነሳ ይወጣል። ለኬጅ ሙዚቃው እሱ ነበር። ልጃችን ያን ቀን እዚያ ቢያጨበጭብ ኖሮ ከተጫዋቾቹ እንደ አንዱ ይቆጠር ነበር ማለት ነው!

እኛ እንዲህ ነው ያደግነው

አዝማሪ ቤት ገብቶ ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው ምን ይባላል? ኩሩ፣ ወይም የታመመ። እኛ ዘንድ ግጥም ይሰጣል፤ “ተቀበል” ይባላል፤ ይጨበጨባል፤ እልል ይባላል፤ ብር ግንባር ላይ ይለጠፋል። ሰሚው የጨዋታው ግማሽ ነው። ልጁ እንዳሳደጉት ነው ያጨበጨበው።

ይህን ስንል ግን የሰው አገር ልማድ ይናቅ ማለታችን አይደለም። አራቱ ምዕራፎች የአንድ ታሪክ ክፍል ናቸው። አያት ተረት ሲነግሩ መሀል ላይ “ጎበዝ!” ብለህ ብትጮህ የሚመጣው ይረሳቸዋል። ስለዚህ ወደፊት ለሚሄድ ሰው ምክራችን እነሆ፦

1. በር ላይ የሚሰጠውን ወረቀት አንብብ። ከሥራው ስም በታች ምዕራፎቹ ተዘርዝረዋል፤ በጣትህ ቁጠር።

2. ቁጥሩ ከጠፋብህ ተጫዋቾቹን እይ። ደጋናቸው እንደተነሳ ከሆነ፣ ወይም ኖታ እየገለጡ ከሆነ አላለቀም። ሲያልቅ ደጋኑን አውርደው ወደ አንተ ያያሉ፤ ይነሳሉ።

3. ስልክህን አጥፋ። ሳል ከያዘህ በምዕራፎቹ መሀል ሳል፤ ሌላውም የሚጠብቀው እሷኑ ነው።

4. ካልገባህ ጠይቅ። ሲያልቅ “የቱን ወደድሽው?” ማለት ከአንድ ሰዓት ዝምታ በኋላ ከሚነገር ፍቅር ሁሉ ቀላሉ መግቢያ ነው።

አሁን ወደ ልጁ እንመለስ። ወጋችንን ልንጨርስ ስንል አንድ የደበቀንን ነገር አወጣ። ለካስ ልጅቷ ከሳምንት በፊት መልእክት ልካለታለች፦ “የወቅቱ የመጨረሻ ኮንሰርት በሚቀጥለው እሁድ ነው፤ ሁለት ቲኬት ቆርጫለሁ።” መልስ አልሰጣትም። “አዝናልኝ ነው” ይላል።

አንተ ሰው! ያፈረችብህ ሴት ሁለት ቲኬት ትቆርጣለች? ያን ቀን አንገቷን የደፋችው ከሐፍረት ይሁን ከሳቅ በምን አወቅህ? ጠይቀሃታል? ያ አዳራሽ ውስጥ ከነበረው ሰው ሁሉ ሙዚቃው እናቱን ያስታወሰው ማን እንደሆነ ለእሷ አልነገርካትም። እኛ ግን ነገርከን። ለእኛ የነገርከንን ለእሷ ንገራት።

እሁድ ሳይደርስ ደውል። ስትሄድ ደግሞ ሹራብ ያዝ፤ የገጠር ማታ ይበርዳል፤ ለእሷም ይሆናል።